ወይ ቁልቁለት!

ሴትዮዋ ስልሳ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም። ፀጉራቸው ነጭ፣ ቁምጣቸው ጭቃ የጠጣ፣ ደረታቸው ላይ በአራት መርፌ ቁልፍ የተያያዘ ቁጥር። እኔ እርጥብ ሣርና የተናደ ድንጋይ በተቀላቀለበት ቁልቁለት አፋፍ ላይ ቆሜ «በእግሬ ልውረድ ወይስ በመቀመጫዬ?» እያልኩ ከራሴ ጋር እመካከር ነበር። እሳቸው ከማንም ጋር አልተመካከሩም። ክንዳቸውን እንደ ንስር ዘርግተው፣ ተረከዛቸውን ጭቃው ውስጥ እየተከሉ፣ በአጠገቤ ሽው ብለው ወረዱ። እንዲያውም ሲያልፉ ዞር አሉና «ደህና ነህ፣ ፍቅሬ?» አሉኝ። (ላንክሻየር ውስጥ «ፍቅሬ» የኛ እናቶች «የኔ ዓለም» እንደሚሉት ነው። የአውቶቡስ ሾፌሩም ዳቦ ሻጭዋም ይሉሃል፤ ልብህ አይምታ።) አፌን ከፍቼ መልስ ሳልሰጥ ጉሙ ዋጣቸው።

የዛሬ ዓመት፣ ህዳር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ነበር። ቦታው ሰሜን እንግሊዝ፣ እዚያው ላንክሻየር ውስጥ፣ ፔንድል የሚባል ኮረብታ። ከዚያ ቀን ወዲህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ የማወራው ይህንኑ ነው። ባለቤቴን ሰልችቷታል። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ የምንጠጣቸው ሰዎች ስመጣ ወንበር መቀየር ጀምረዋል። ስለዚህ ወደ እናንተ መጣሁ።

ነገሩ ፌል ራኒንግ ይባላል። «ፌል» ከሺህ ዓመት በፊት በመርከብ መጥተው ሰሜን እንግሊዝ ከሰፈሩት ቫይኪንጎች የተወረሰ ቃል ነው፤ ተራራ ማለት ነው። ራኒንጉን ታውቁታላችሁ። ወይም እንደኔ የምታውቁት ይመስላችኋል። አስፋልት የለም። የተጠረገ ጎዳና የለም። ዳር ቆሞ የሚያጨበጭብ ሕዝብ የለም፤ ያለው በግ ነው፣ እሱም ቀና ብሎ አይቶህ ወደ ሣሩ ይመለሳል። ከመንደር ትነሳለህ፣ ተራራው ላይ ትወጣለህ፣ ትወርዳለህ፣ ደግመህ ትወጣለህ፣ የድንጋይ ካብ ትሻገራለህ፣ ወንዝ ትገባለህ፣ ወደ መንደሩ ትመለሳለህ። በብዙዎቹ ውድድሮች የተወሰኑ መቆጣጠሪያ ቦታዎች ላይ መድረስህ ይታያል እንጂ በመካከላቸው በየት በኩል እንደሄድክ የሚጠይቅህ የለም። አንዱ በሸንተረሩ ይዞራል፣ ሌላው ረግረጉን ይቆርጣል፤ የአገሩ ልጅ ደግሞ በጎች ለዘመናት የረገጧትን ቀጭን መንገድ ያውቃታል፤ እሷን ይዞ ሁለቱንም ይቀድማል።

ወደዚህ ጉድ ያስገባኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እዚህ አገር ኢትዮጵያዊ ነኝ ስትል ሰው ሁሉ መጀመሪያ እግርህን ያያል። ከዚያ «ኃይሌ! ቀነኒሳ!» ይላል። እኔ ከታክሲ ግፊያ በቀር በምንም ተወዳድሬ አላውቅም፤ እሱን ለማስረዳት ግን ጊዜ ይወስዳልና ፈገግ ብዬ አልፋለሁ። ባልደረባዬ ግን «ቅዳሜ ፔንድል ላይ እሮጣለሁ፤ ና እይ፣ ሻይ በፔርሙስ ያዝ» አለኝ። ሄድኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ውስጤ ንቀት ነበረበት። ፔንድል 557 ሜትር ነው። የእንግሊዝ ትልቁ ተራራ ስካፌል ፓይክ ራሱ 978 ሜትር ነው። ድሬዳዋ፣ ያቺ ቆላ ብለን የምንጠራት ድሬዳዋ፣ ከእንግሊዝ ጣሪያ በላይ ተቀምጣ ነው የምትሞቀው። እኔ አዲስ አበባ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ከነሱ ተራራ ወጪዎች ሁሉ በላይ ነበርኩ። 2,300 ሜትር ላይ የተወለደ ሰው 557 ሜትር ያስፈራዋል?

ያስፈራዋል!

የዚያን ዕለቱ ውድድር ቱር ኦፍ ፔንድል ይባላል። ባርሊ ከምትባል ትንሽ መንደር ተነስቶ ወደ 27 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ያንኑ አንድ ኮረብታ አንዴ በዚህ ጎኑ፣ አንዴ በዚያ ጎኑ እየወጡ እየወረዱ ነው፤ ዳገት ዳገቱ ብቻ ሲደመር ወደ 1,500 ሜትር ይሆናል። የዚህ ስፖርት ሰዎች ውድድራቸውን በፊደል ይመድባሉ። በአማካይ ለያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 50 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚያስወጣ ከሆነ «ኤ» ነው። ርዝመቱ ከ20 ኪሎ ሜትር ካለፈ «ኤል» ይጨመርበታል። «ኤ ኤል ነው» ሲባል የሰዉ ፊት ይጨማደዳል፣ ዓይኑ ግን ያበራል። ኮረብታው ደግሞ ባዶ ኮረብታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1612 በዙሪያው ካሉ መንደሮች ሰዎች በጥንቆላ ተከሰው አሥሩ ተሰቅለዋል፤ የኛን የቡዳ ወሬ የሚያስታውስ አሳዛኝ ታሪክ ነው። በ1652 ደግሞ ጆርጅ ፎክስ የሚባለው ሰባኪ ጫፉ ላይ ወጥቶ ራእይ አየሁ አለ፤ ኩዌከሮች የሚባሉት አማኞች የእምነታቸውን ታሪክ ሲተርኩ ያችን ቀን ያነሳሉ። እኔም ያየሁትን እዚያው ላይ ነው ያየሁት፤ ሃይማኖት ግን አልመሠረትኩም። ገና ነኝ።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ዳገቱ ነው። ሯጮቹ ቀጥ ወዳለው ተረተር ሲደርሱ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ተራመዱ! ኋላ የቀሩት ብቻ አይደሉም፣ ከፊት ያሉትም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው፣ ጎንበስ ብለው፣ እንደ ገበሬ ወጡት። እኛ አገር ሩጫ ውስጥ መራመድ ውርደት ነው፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠን «ኧረ አቆመ! ኧረ ተራመደ!» ብለን ራሳችንን የምንይዝበት ነገር ነው። እዚህ ግን ሂሳብ ነው። ዳገቱ ከተወሰነ በላይ ቀጥ ካለ መሮጥ ከመራመድ የበለጠ ጉልበት ይበላል፤ ፍጥነቱ ግን ያን ያህል አይለይም። የሮጠው ሳንባውን አቃጥሎ፣ የተራመደው ሳንባውን ይዞ፣ እኩል ጫፍ ላይ ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ጉዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለቱ ነዋ! ወይ ቁልቁለት! ስለዚህ ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር። ዕድሜዬን ሁሉ ሩጫ ስመለከት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጎረቤት ቤት በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን፣ ኋላም ካፌ ውስጥ ተጨናንቄ። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል እንባዬ የሚመጣ ሰው ነኝ። ግን አንድም ቀን ሰው ሲወርድ አይቼ አላውቅም ነበር። መም ላይ ቁልቁለት የለም። ማራቶን ላይ ቢኖር እንኳ ካሜራው የሚያሳየን ፊታቸውን ነው። ፔንድል ላይ ግን «ጀሮኒሞ» የሚሏት አንዲት ቁልቁለት አለች። አሜሪካውያን ዘላዮች ከአውሮፕላን በጃንጥላ ሲዘሉ የሚጮኹት ጩኸት ነው ስሟ፤ ስም ያወጣላት ሰው አላጋነነም። ሰዎች ከላይ ይመጡና አፋፏ ላይ ሲደርሱ ይቀንሳሉ ብለህ ስትጠብቅ ይጨምራሉ። መሬቱ ከሥራቸው ይጠፋል። እግራቸው መሬት የሚነካው ለይምሰል ይመስላል። አንዱ ይንሸራተታል፣ በዳሌው ሁለት ሜትር ይሄዳል፣ ሳይቆም ተነስቶ መሮጡን ይቀጥላል፤ መውደቁም ከሩጫው ይቆጠራል ማለት ነው።

ባልደረባዬ ያስተማረኝን ልንገራችሁ። ሰው ሲፈራ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ወደ ኋላ ሲያዘነብል ክብደቱ ተረከዙ ላይ ይሄድና ይንሸራተታል። ስለዚህ የፈራ ነው የሚወድቀው። ደረትህን ወደ ገደሉ መስጠት አለብህ። እርምጃህ አጭርና ፈጣን ይሁን። አንዱን እግር ሳታምነው ወደ ሌላው እለፍ፤ ድንጋዩ ቢከዳህም አንተ ቀድመህ ሄደሃል። ዓይንህ እግርህን አይይ፣ ሦስት አራት እርምጃ ፊት ለፊት ይይ። ክንድህን ልቀቀው፣ ራሱ ያውቃል።

ይህን ሲያስረዳኝ አንድ ነገር ድንገት መጣብኝ። ልጅ ሆኜ ሽሮ ሜዳ አክስቴ ቤት ስሄድ ከእንጦጦ የሚወርዱትን እንጨት ተሸካሚ እናቶች አይ ነበር። ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ የባሕር ዛፍ እንጨት ጀርባቸው ላይ ታስሮ፣ ጎንበስ ብለው፣ ዱብ ዱብ ዱብ እያሉ በአጫጭር እርምጃ ይወርዳሉ። ለምን እንደሚሮጡ ያኔ አልገባኝም ነበር። «ይህን ሁሉ ተሸክመው ደግሞ ይሮጣሉ?» እል ነበር። አሁን ገባኝ፤ ያ ሁሉ ሸክም ላይህ ላይ ሆኖ ቁልቁለት ላይ መቆም ከመሮጥ ይከብዳል። እነዚያ እናቶች የዚህን ስፖርት ምሥጢር ማንም ሳያስተምራቸው፣ ማንም ሳያጨበጭብላቸው፣ በበረባሶና በላስቲክ ጫማ ያውቁት ነበር። እኔ ያንን ለመማር ማንቸስተር ድረስ መጣሁ!

የሰውነቱ ነገርም ይገርማል። ዳገት ስትወጣ የጭንህ ጡንቻ እያጠረ ይሠራል። ስትወርድ ግን እየተለጠጠ ነው ክብደትህን የሚይዘው፤ እየተለጠጠ የሚሸከም ጡንቻ ደግሞ ውስጥ ውስጡን በጥቂቱ ይሰነጣጠቃል። ሕመሙ የዚያኑ ዕለት አይመጣም። ተደብቆ ይቆይና በማግስቱ፣ ከዚያም ብሶ በሦስተኛው ቀን ይመጣል። ሰኞ ጠዋት ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላ ዞሮ የሚወርድ ሰው ካያችሁ ቅዳሜ የት እንደነበረ አትጠይቁት። ደስ የሚለው፣ ጡንቻው ይማራል፤ ሁለተኛው ጊዜ እንደ መጀመሪያው አያምም።

ታዲያ ቁልቁለቱ ነው ሰውን ከሰው የሚለየው ብዬ ስከራከር ማስረጃ አለኝ። ዮርክሻየር ውስጥ በርንሶል የምትባል መንደር አለች። ከመንደሩ ወደ ኮረብታው ጫፍ ወጥቶ መመለስ፣ በቃ ይኸው ነው ውድድሩ፤ ሩብ ሰዓት የማይሞላ ነገር። በ1910 ኧርነስት ዳልዜል የሚባል ሰው በ12 ደቂቃ ከ59.8 ሰከንድ ጨረሰው። ቁልቁለቱን ወረደበት የተባለው ጊዜ ለማመን የሚያስቸግር ስለነበር ሰዎች ለአሥርት ዓመታት ተከራከሩበት። «ሰዓቱ ተሳስቶ ነው» አሉ። «የለም፣ ዓይናችን አይቶታል» አሉ። ሁለት የዓለም ጦርነት አለፈ፣ ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ፣ የዳልዜል ሰዓት ግን አልተነካም። ፍሬድ ሪቭስ 12 ደቂቃ ከ47.8 ሰከንድ ሮጦ የሰበረው በ1977 ነው፤ ከ67 ዓመት በኋላ!

ወደ ስኮትላንድ ልውሰዳችሁ። ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር፣ የብሪታንያ ትልቁ ተራራ። ኬኒ ስቱዋርት፣ ሙያው አትክልተኛ፣ በ1984 ከሥር ጫፉ ድረስ ወጥቶ የወረደበት ጊዜ 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ነው። ከ40 ዓመት በኋላም የወንዶቹ ክብረ ወሰን እሱ ነው። አስቡት እስቲ፤ የኛ በላይነህ ዴንሳሞ በ1988 ያስመዘገበው የማራቶን ክብረ ወሰን 10 ዓመት ቆየ ብለን ስንት ዘመን ኮራን! በስቱዋርት 40 ዓመት ውስጥ የማራቶን ሰዓት ከሰባት ደቂቃ በላይ ወርዷል። የካርቦን ጫማ መጣ፣ የመጠጡ ዓይነት በዛ፣ አሠልጣኙ በኮምፒውተር ሆነ። እርጥብ ድንጋይ ላይ መውረድን ግን ማንም አላሻሻለውም። ካርቦኑ ለድንጋይ ምን ይሠራል?

አሁን ወደ ወራቱ ልምጣ። «በበጋ ለምን አትሮጡም?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል፤ እኔም ጠይቄ ነበር። ይሮጣሉ። በበጋም በጸደይም ይሮጣሉ። እኔ ግን የመጸው መጨረሻ ይበልጣል እላለሁ፤ ከዚህ ፍርዴ የሚያነቃንቀኝ የለም። በበጋ ኮረብታዎቹን ፈርን የሚባል፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የተዘረጋ ተክል ይወርሳቸዋል። ወገብ ድረስ ይደርሳል፤ ሥሩ ያለው ድንጋይ ይሁን ጉድጓድ አታይም። ጥቅምት ሲጋመስ ይሞታል። ሲሞት መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ቀይ ይሆንና ይተኛል። ተራራው በሙሉ የቀበሮ ጀርባ ይመስላል! መንገዶቹ ይገለጣሉ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በጎን ስለምትመጣ እያንዳንዷ ካብ ረጅም ጥላ ትጥላለች። አየሩ ሲተነፍሱት እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ጉሮሮ ያጥባል።

ይህ ዝናብ ከሌለ ነው። ዝናብ ግን አለ። ኮረብታዎቹ አናት ላይ ያለው አፈር ሣርና ቅጠላ ቅጠል ለሺህ ዓመታት በውሃ ውስጥ ሳይበሰብስ ተከማችቶ የሠራው ጥቁር አፈር ነው፤ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል። ህዳር ላይ ጠጥቶ ጠግቧል። አንዱ ቦታ ቁርጭምጭሚት፣ አንድ እርምጃ አልፎ ጉልበት፣ ካላወቅክበት ወገብ። ጉሙ ሲወርድ ደግሞ ከፊትህ ያለው ሰው ቁጥሩ መጀመሪያ ይጠፋል፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ጠቅላላው፤ የትንፋሹ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ፀሐይ አሥር ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። እኛ አገር በዚሁ ሰሞን ጤፍ ይታጨዳል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ህዳር 12 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ቆሻሻዋን አቃጥላ በጭስ ትታጠናለች። ሁለቱ ህዳሮች የሚመሳሰሉት በዚያች ቀን ብቻ ነው፤ እዚያም እዚህም አሥር ሜትር ፊት አይታይም።

ለዚህ ነው ፍተሻው። ከውድድሩ በፊት ቦርሳህን ትከፍታለህ፤ ከላይ እስከ ታች ዝናብ የማያስገባ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ካርታ፣ ኮምፓስ፣ ፊሽካና ለክፉ ቀን የሚሆን ምግብ። አንዱ ከጎደለ አትሮጥም፤ ልመና የለም። ዘንድሮ እኔ ራሴ ስፈተሽ ለክፉ ቀን የያዝኩት በሶ ነበር። ፈታሹ ሽማግሌ ከረጢቱን አንስተው አገላብጠው «ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ። «የተቆላ ገብስ ዱቄት፤ ከውሃ ጋር ነው» ስላቸው ጥቂት አሰቡና «አጃ የማይወድ ሰው እንደዚህ ያደርጋል ማለት ነው» ብለው አሳለፉኝ። ፊሽካዋን ግን አስነፉኝ። ቀልድ አይደለም፤ በዚህ ስፖርት በብርድ የሞቱ ሰዎች አሉ። የረጠበ ሰውነት ላይ ነፋስ ሲያርፍ ሰው ሳያውቀው አእምሮው ይደበዝዛል፣ ካርታውን ያያል ግን አያነበውም።

የመጸው መጨረሻን ነገር የሚያውቁት ግን የኦ ኤም ኤም ሰዎች ናቸው። ይህ በ1968 የተጀመረ የሁለት ቀን የተራራ ማራቶን ነው። የሚደረገው ሆን ተብሎ በፈረንጆቹ ጥቅምት የመጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው፣ ድንኳናቸውን፣ መኝታቸውንና ምግባቸውን ተሸክመው፣ በካርታ እየፈለጉ ይሮጣሉ፤ ሌሊቱን ተራራ ላይ ያድራሉ፤ በማግስቱ ያንኑ እርጥብ ካልሲ አድርገው እንደገና። እዚህ አገር የክረምቱ ሰዓት የሚቀየረውም በዚያው ሌሊት ነው፤ ማለትም ሌሊቱ በአንድ ሰዓት ይረዝማል። ብርዱ ላይ አንድ ሰዓት ሲመረቅልህ አስበው! በ2008 ቦሮዴል ሸለቆ ላይ ሲደረግ ከባድ ማዕበል መጣ፤ ወንዞቹ ሞሉ፣ መንገዶች ተቆረጡ፣ ውድድሩ ተቋረጠ። ዜና ማሰራጫዎቹ ወደ 1,700 ሰው የገባበት አልታወቀም ብለው አገር አመሱ። ሰዎቹ የት ነበሩ? አንዱ የገበሬ ጎተራ ውስጥ፣ ሌላው የድንጋይ ማውጫ ውስጥ ተጠልሎ፣ ሌላው በራሱ ድንኳን ውስጥ ሾርባውን እያፈላ። ሁሉም ወጡ። መጥፋታቸውን የሰሙት ከዜናው ነው።

ስለ ሰዎቹ ካነሳሁ አላቆምም፤ ግን የሁለት ሦስቱን ሳልናገር ብሞት ይቆጨኛል። ቦብ ግራሃም የኬዚክ ከተማ ሰው ነው፤ እንግዳ ማረፊያ ቤት ነበረው። በ1932 42 ተራሮችን በ24 ሰዓት ውስጥ ወጥቶ ወረደ። ርቀቱ ወደ 106 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዳገቱ ሲደመር ከ8,000 ሜትር በላይ፣ ማለትም ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ኤቨረስት ሊደርስ ጥቂት የቀረው ያህል። ሌላ ሰው ይህን ለመድገም 28 ዓመት ፈጀ። በ1982 ቢሊ ብላንድ፣ ድንጋይ ጠራቢው፣ 13 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ገባ። ያን የሰበረው በ2018 ኪሊያን ዦርኔ ነው፤ በዚያ ዘመን በዓለም ተራሮች ላይ አቻ የሌለው የተባለ ባለሙያ ሯጭ። አንድ ድንጋይ ጠራቢ 36 ዓመት አስጠበቀው ማለት ነው!

ጆስ ኔይለር ደግሞ እረኛ ነበር። የዋስዴል በግ አርቢ፣ በ1936 የተወለደ፣ ወገቡን ታሞ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ከባድ ነገር አትሥራ የተባለ። በ1975 በ24 ሰዓት ውስጥ 72 ተራራ ረገጠ። 60 ዓመት ሲሞላው 60 ተራራ፣ 70 ሲሞላው 70 ተራራ። በ2024 በ88 ዓመቱ አረፈ። እኛ በቆጂን የሚያህል የሯጭ መፍለቂያ ያለን ሰዎች ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም፤ ከብት ጠባቂ ልጅ ሯጭ ሲሆን አይተናል። ልዩነቱ ኔይለር መንጋውን አለመተዉ ነው። ሮጦ ይመለስና በጎቹን ይሰበስባል።

ጃስሚን ፓሪስ የእንስሳት ሐኪም ናት። በ2019 በጥር ብርድ 431 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን የስፓይን ውድድር በ83 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨርሳ ወንዱንም ሴቱንም ቀደመች፤ በየማረፊያው ለሚጠባ ልጇ ጡቷን እያለበች! ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አራስ ናት?» አለች። «አዎ» አልኳት። «ገንፎ የሚያበላት ሰው የላትም?» አለች።

እኔስ? ዓመቱን ሙሉ ተለማመድኩ። ወደቅሁ፣ ተነሳሁ፣ ከበጎች ጋር ተዋወቅሁ። ዘንድሮ ህዳር ላይ ቁጥሬን በአራት መርፌ ቁልፍ አስሬ ቆምኩ። ዳገቱ ላይ ተራመድኩ፣ ሳላፍር። ቁልቁለቱ ላይ ደረቴን ሰጠሁ፣ እየጮህኩ። «ጀሮኒሞ» ላይ ሦስት ሰው አለፍኩ፤ ሦስት ሰው! አንዱ ባልደረባዬ ነበር። ከዚያ ረግረጉ መሃል ቀኝ እግሬ ገባ፤ ሲወጣ ካልሲ ብቻ ሆኖ ወጣ።

ያኔ ትዝ ያለኝን ገምቱ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2008፣ በእኛ የሚሌኒየሙ ዓመት፣ ከፔንድል ወደ ሰሜን፣ ኤድንብራ። የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና። የቀነኒሳ በቀለ ጫማ ወለቀች። ቆመ፣ አጎንብሶ አጠለቃት፣ መሪዎቹ ርቀው ሄዱ። ከዚያ አንድ በአንድ ለቀማቸውና አሸነፈ፤ ሊዮናርድ ኮሞን ሁለተኛ፣ ዘረሰናይ ታደሰ ሦስተኛ። የዚያን ቀን የግሉን አራቱንም ወርቅ እኛ ወሰድን፤ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ፣ ኢብራሂም ጄይላን፣ ገንዘቤ። አየሩ የስኮትላንዶቹ፣ ሣሩ የነሱ፣ ኮረብታው የነሱ ነበር። እኔም እጄን እስከ ክርን ረግረጉ ውስጥ ሰድጄ ጫማዬን ስፈልግ «ቀነኒሳም ቆሟል፣ ቀነኒሳም ቆሟል» እል ነበር። አገኘኋት። ጥቁር ውሃ አፍስሼ አጠለቅኳት። ያለፍኳቸው ሦስቱም አለፉኝ። ባልደረባዬ ሲያልፈኝ እየሳቀ ነበር፤ ይቅር አልለውም።

ውድድሩ ሊያልቅ ሲል «ቢግ ኤንድ» የሚሉት የተራራው ግንባር አለ። ስለሱ አልናገርም። ወጣሁት። ከመጨረሻ አሥራ አንደኛ ሆኜ ገባሁ፤ ከዚያ በፊት በሕይወቴ አሥር ሰው ቀድሜ አላውቅም።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ኮረብታው ላይ እኔን የሚመስል ሰው አላየሁም። ማንቸስተር፣ ሊድስ፣ ሸፊልድ ሞልተናል፤ ከነዚህ ተራሮች የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ እንኖራለን። ቅዳሜ ቅዳሜ መጋረጃ ዘግተን «ይኼ አገር ብርድ ነው» እንባባላለን። ብርድ ነው። ለዚያ ነው የሚያምረው! የመመዝገቢያው ዋጋ ጥቂት ፓውንድ ነው፤ ለአንድ በያይነቱ ከምንከፍለው አይበልጥም። ሲያልቅ የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ትገባለህ፤ አሸናፊውና የመጨረሻው ሰው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለቱም እስከ ቅንድባቸው ጭቃ፣ ትኩስ ሻይና ኬክ ይዘው፣ የቱ ረግረግ ማንን እንደያዘ ይጨቃጨቃሉ። እኚያ ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴትዮም ነበሩ። ከእኔ አርባ ደቂቃ ቀድመው ገብተው፣ ልብሳቸውን ቀይረው፣ ሻይ እየቀዱ ነበር። አላስታወሱኝም። «ስኳር ይጨመር፣ ፍቅሬ?» አሉኝ።

በሚመጣው ህዳር እመለሳለሁ። ከማንቸስተር የምነሳው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ መኪናዬ ውስጥ ሦስት ቦታ አለ። መጥታችሁ ባትሮጡ እንኳ «ጀሮኒሞ» ሥር ቆማችሁ እዩ። በሶውን እኔ አመጣለሁ። ፊሽካ ግን የራሳችሁን ያዙ፤ የማበድረው የለኝም።